ፈረስ ያስረጀ ኮድ

ሕግ የሚያወጣ ሰው ሁሉ ሕጉን የሚያወጣው ለጎረቤቱ ነው! አትከራከሩኝ። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» ብሎ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈው ሰውዬ ራሱ ወዴት ዞር እንደሚል ሠፈሩን ጠይቁ። በየስብሰባው «ሰዓት ይከበር!» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድበውም ያው ነው፤ እሱ እስኪመጣ ተጠብቆ ነው የሚደበድበው። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነኝ። የእኔ የሚለየው፣ ያወጣሁትን ሕግ እንዲያስከብር የሾምሁት ዘመድ የማያውቅ፣ ምሳ የማይጋበዝ፣ «እባክህ» ቢሉት የማይሰማ ኮምፒውተር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ በራሱ ላይ የሚሾም ሰው ምን ይባላል? … ግዴለም፣ ቃሉን አትንገሩኝ።

ነገሩ በ2009 ዓ.ም የሆነ ነው። እናቴ ዛሬም «ቆሰበር» እያለች በምትጠራት በእንጅባራ፣ ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም እንጽፍ ነበር። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ የዳንግላዋ እመቤት ናት፤ ቃሏ ቁጥብ፣ ዓይኗ ግን ከሺህ መሥመር መካከል አንዲት የጎደለች ነጥብ ለቅሞ የሚያወጣ። ሦስተኛው ምንይችል ነው፤ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ጥፋቱን ቀስ ብሎ የሚያርም ልጅ።

የያዝነው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፦ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪሞች የፈረስ ክትባት መዝገብ። የፈረስ ስትባሉ እንዳትስቁ! እዚህ አገር ሰው ሲገናኝ «ልጆቹ ደኅና? ፈረሱ ደኅና?» ተባብሎ ነው ወደ ሌላ ወሬ የሚያልፈው፤ አንዳንዱማ ከፈረሱ ይጀምራል። ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረውናል፤ አንድ ቅዳሜ በእኛ መዝገብ ይከትባሉ፣ ከሠራ ይቀበሉናል፣ ካልሠራ ወደ ደብተራቸው ይመለሳሉ። እነሱ ወደ ደብተራቸው ተመለሱ ማለት ደግሞ እኛ ወደ ፎቶ ኮፒ ሥራችን ተመለስን ማለት ነው።

ሦስታችንም የምንጽፈውን ኮድ የምናስገባው «ጊት» በሚባል የጋራ ጎተራ ነበር። ጎተራው ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስገባ አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ የገባው ፍሬ ይሁን ገለባ ግን አይጠይቅም። እናም ምንይችል ረቡዕ ያስገባው ሐሙስ የእኔን ሥራ ያፈርሳል፤ እኔ ሐሙስ ያስገባሁት ዓርብ የእመቤትን ያፈርሳል፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም እንኮራረፋለን። ይኼ ሲሰለቸኝ አንድ ቀን ብድግ ብዬ፦

«ኬላ ይቁም!» አልሁ።

ኬላው ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ኔትወርኩ ደመና ባየ ቁጥር ስለሚሸሽ እዚያው ቢሮአችን ውስጥ ይቀመጥ ብለን ጎተራውን እሱ ላይ ጫንነው። ማንም ኮድ ይዞ ሲመጣ ሳጥኑ ራሱ ያስቆመዋል፣ ይፈትሸዋል፣ ጥፋት ካገኘ ዘርዝሮ ይመልሰዋል። እመቤት ስሌቱ ትክክል መሆኑን የሚፈትኑ ጥያቄዎች ጻፈችለት። እኔ ደግሞ ደንብ አወጣሁ። ኧረ ምን ያላወጣሁት አለ! መሥመር ከሰማንያ ፊደል እንዳይበልጥ፤ መሥመር መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ እንዳይቀር፤ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚሠራ ከራሱ ላይ እንዲጻፍ… እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉንም ያወጣሁት ምንይችልን እያየሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ኬላው ዐሥራ አንድ ጊዜ ሲመልሰው ወንበሬ ላይ ሆኜ እንደ ሠርገኛ አጨበጨብሁ።

እመቤት ግን ሁለታችንንም ታውቀናለች። «ኬላ ካለ ኬላ ሰባሪ አይጠፋም» አለችና ኬላውን የሚያስከፍተውን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፋ፣ ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ «ውል ያለ ዋስ አይጸናም፤ ለጋሽ አለኸኝ እንስጣቸው» አለች። ጋሽ አለኸኝ የተከራየናት ክፍል ባለቤት ናቸው፤ የሚኖሩት ከመንገዱ ማዶ ነው። ለብዙ ዘመን የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ነበሩ፤ ወንበሩን ከለቀቁ ቆዩ እንጂ ወንበሩ እሳቸውን አልለቀቀም። ባለ ፈረሶቹም ጉዳይ ሲገጥማቸው አፋቸው እሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም በግቢያቸው ዳማ የሚባል፣ ከልጆቻቸው እኩል የሚያወሩለት ፈረስ አላቸው። ፖስታውን ተቀብለው ከቤታቸው ካርታ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት። ውሉም ይኼ ሆነ፦ ሦስታችንም ካልተስማማን፣ እሳቸውም ምክንያቱን ሰምተው ካላመኑበት፣ ፖስታው አይከፈትም።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ የሚገባበት አይታወቅም ይባል የለ? ምንይችል በሦስተኛው ሳምንት ደንቡን ለምዶ እያፏጨ ያልፍ ጀመር። ጉድጓዱ ባዶውን ቀረ፤ ሰው ይጠብቅ ነበር።

የክትባቱ ዋዜማ ዓርብ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ሐኪሞቹ ደወሉ። «ካርዱ ላይ የፈረሱ ዕድሜ ይጻፍልን። ከሃያ ዓመት በላይ የሆኑት ደግሞ ከዝርዝሩ ይውጡ፤ እነሱን በየቤታቸው ሄደን ነው የምናያቸው።» እመቤት ለእኅቷ ልጅ ክርስትና ዳንግላ ሄዳለች፤ ምንይችል የት እንዳለ ምንይችልም አያውቅም። ቢሆንስ! ዕድሜ ማስላት ምን አለው? የልደቱን ዓመት ከዘንድሮው ዓመት መቀነስ! የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ! ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቃል፤ የተወለደበትን ባለቤቱ አስመዝግቧል። በአርባ ደቂቃ ጨርሼ ወደ ጎተራው ሰደድሁት።

ኬላው አሰበ… አሰበ… ከዚያ ስክሪኑ እንደ በርበሬ ገበያ ቀላ። አርባ ሦስት ጥፋት!

ማንበብ ጀመርሁ። ጥፋት አንድ፣ ባዶ ቦታ። ጥፋት ሁለት፣ ረጅም መሥመር። ጥፋት ሦስት፣ ደግሞ ባዶ ቦታ። ዐሥረኛው ላይ ስደርስ ደሜ ፈላ። ይኼን ሳጥን ከአቧራ ያነሣሁት እኔ! ኬላ ያደረግሁት እኔ! ደግሞ መብራቱ ሁለት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለ፤ ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት በዚያች ሰዓት ትዝ ቢለኝ ጥሩ ነበር፤ ትዝ ያለኝ ግን ፖስታው ነው።

ጋሽ አለኸኝ ደጃቸው ላይ ልጓም ሲወለውሉ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ያችን ፖስታ ፈልጌ ነበር።»

«ፖስታዋ ደኅና ናት።»

«አይ… እንድትከፈት ነው።»

ልጓሙን አስቀመጡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አቀማመጣቸው ተለወጠ፤ ችሎት ተሰየመ ማለት ነው።

«ከሳሽ ማን ነው?»

«ኬላው ነው፣ ጋሼ።»

«ተከሳሽስ?»

«እኔ።»

«ስንት ጥፋት ቆጠረብኸ?»

«አርባ ሦስት።»

«አርባ ሦስት! እኔ ወንበር ላይ ሳለሁ ቀበሌው በሙሉ ተሰብስቦ አርባ ሦስት ጥፋት አላመጣልኝም!»

«ኧረ ጥቃቅን ነው ጋሼ!»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አነበብሁ። «ጥፋት አንድ፣ በዐሥራ ሁለተኛው መሥመር መጨረሻ ባዶ ቦታ አለ።»

«ባዶ ቦታ ማለት?»

«ምንም ነገር የሌለበት ማለት ነው።»

«ምንም ነገር በሌለበት ቦታ ምን ጥፋት ሠራኸ?»

«እኔስ እሱን አይደል የምለው!»

«ሁለተኛውን ንገረኝ።»

«መሥመሩ በሁለት ፊደል ረዝሟል ይላል።»

ጋሽ አለኸኝ እስኪያስላቸው ሣቁ። «በሁለት ፊደል! … ለመሆኑ ይኼን ሕግ ያወጣው ጅል ማን ነው?»

የሸሚዜን እጅጌ አራገፍሁ። ምንም ያልነበረበት እጅጌ ነው።

«የቀረውስ?» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«የቀረውም ያው ነው ጋሼ።»

አያችሁ፣ ውሸት ሲመጣ እንዲህ ቀሎ ነው የሚመጣው። ሠላሳ ሦስቱን በዓይኔ አላየሁትም እኮ! «ልጆቹስ ተስማሙ?» ሲሉኝ ፊታቸው ስልክ መታሁ። ምንይችል ጨርሼ ሳልናገር፣ «ክፈተው! እስካሁን ምን ትሠራለኸ?» ብሎ ዘጋ። እመቤት ግን ከክርስትናው ጫጫታ ራቅ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ጥፋቶቹን እስከ መጨረሻው አንብበኻቸዋል?»

«አንብቤአቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አልሁሽ እኮ!»

«እንግዲያው ይከፈት» አለች። ያመነችኝ ይመስለኛል፤ ያ ነው ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ።

ጋሽ አለኸኝ ፖስታውን ከሣጥኑ አውጥተው ወዲያው አልሰጡኝም፤ በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩኝ። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ዋሱ እኔ ነኝ፤ ጅብ እንዳታስገባብኝ» አሉ። «አይገባም ጋሼ!» ብዬ ተቀበልሁ። በአምስት ደቂቃ ኬላው ተከፈተ፣ ኮዴ ገባ፣ ኬላው መልሶ ተዘጋ። እንደዚያን ቀን ጣፋጭ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጧት ጉሙ ገና ከሜዳው ሳይነሣ ፈረሱ ጎረፈ። ከጥርባ መጣ፣ ከአዘና መጣ፣ ስሙን ከማላውቀው ቀበሌ ሁሉ መጣ። ሐኪሞቹ መድኃኒታቸውን ይዘው ዳስ ሥር ተቀመጡ፤ እኔ ላፕቶፔንና ማተሚያዬን ዘርግቼ እንደ ሙሽራ ተኮፈስሁ። ምንይችል ተራ ያስይዛል። እመቤትም ከዳንግላ በጧቱ ሚኒባስ ደርሳ ከኋላዬ ቆማለች።

የመጀመሪያው ሰው ከአዘና የመጣ፣ ባዝራና ውርንጭላዋን የያዘ ገበሬ ነው። የውርንጭላውን ካርድ አትሜ ሰጠሁት። ሰውዬው ካርዱን አየ፤ ውርንጭላውን አየ፤ ደግሞ ካርዱን አየ።

«ዘጠኝ ዓመት ይላል እኮ?»

ውርንጭላው በዚያች ቅጽበት አንገቱን ከእናቱ ሆድ ሥር አስገብቶ ይጠባ ነበር።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጡት አልጣለም!» አለ አንዱ ከተራው።

«ዘንድሮስ ትምህርት ቤት ይግባ እንጂ!» አለ ሌላው።

ሜዳው በሣቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሣቅሁ፤ «ሲመዘገብ የተፈጠረች ስሕተት ናት» ብዬ በእስክሪብቶ ሰርዤ «አንድ» ብዬ ጻፍሁበት። ጆሮዬ ሥር ግን እመቤት አልሣቀችም። «እስቲ ሌላ ፈረስ አሳየኝ» አለች።

ሌላው ፈረስ ዳማ ነበር። ጋሽ አለኸኝ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የተወለወለውን ልጓም በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ሰው መንገድ እየለቀቀላቸው መጡ። ቁልፉን ስጫን ማተሚያው ካርድ አላወጣም፤ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተፋ። ልደብቃት ስል እጃቸው ቀደመኝ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ በችሎት ድምፃቸው አነበቡ።

«ዳማ። ዕድሜ፣ ሃያ ሁለት። በእርጅና ምክንያት ከዝርዝር የወጣ።»

ሣቅ ቆመ። ዳማ ጆሮውን አቆመ።

«ማን ነው ያረጀ?» አሉ ቀስ ብለው። «ይኼን ፈረስ በዘጠና አምስት ሲወለድ በዚህ እጄ ነው የተቀበልሁት!» ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ ከዘጠና አምስት እስከ ሁለት ሺህ አምስት ዐሥር፣ ከዚያ ወዲህ አራት። «ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው! ስምንቱን ዓመት ከየት አምጥተኸ ነው የጫንኸበት? ጤፍ እንኳ በልክ ነው የሚጫን!»

እመቤት በጀርባዬ በኩል እጇን ዘርግታ የኮምፒውተሩን ቀን አሳየችኝ። እኛ 2009 ላይ ነን። ኮምፒውተሩ 2017 ላይ ነው! ገበሬው ሁሉ የፈረሱን ልደት በእኛው አቆጣጠር አስመዝግቧል፤ እኔ ብልሁ «ዘንድሮ ስንት ነው?» ብዬ የጠየቅሁት ፈረንጁን ነው። በአንድ ዓርብ ከሰዓት የአዊን ፈረስ በሙሉ ስምንት ስምንት ዓመት አስረጅቼዋለሁ።

እመቤት ትናንት የተመለሰልኝን የጥፋት ዝርዝር ላፕቶፔ ላይ ከፈተች። ከላይ አልጀመረችም፤ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ወረደች። ለካ ዕድሜ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርም ብላ ፈተናውን ቀድማ አስቀምጣለት ኖሯል፤ ለምሳሌ የወሰደችውም በየቀኑ በበሩ የምታልፈውን ፈረስ ነው። «ጥፋት አርባ ሦስት» ብላ አነበበችልኝ፤ «በ1995 የተወለደው ዳማ ዐሥራ አራት ዓመቱ መሆን ሲገባው ሃያ ሁለት ሆኗል።»

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እስከ መጨረሻው አንብቤአቸዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርሁ፤ ቀልዱን እንተወውና፣ ከልቤ አፈርሁ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ለእኔ የተተረተ ነው፤ ሳጥኑ መክሮኝ ነበር እኮ፣ ያውም የፈረሱን ስም ጠርቶ!

ዋናው ሐኪም ላፕቶፔን በትሕትና ወደ ጎን ገፋ አድርገው ደብተራቸውን አወጡ። ፈረሶቹ በደብተር ተከተቡ፤ ዳማም ተከተበ። ሲሄዱ ለእመቤት እንዲህ አሏት፦ «ባለ ፈረሶቹ ይቅር ካሏችሁና የሚቀጥለው ቅዳሜ ከመጡላችሁ አንድ ጊዜ እንሞክራችኋለን። ካልመጡ ደብተሬ አለችኝ።» ባለ ፈረሶቹ ማለት ጋሽ አለኸኝ ናቸው። ጋሽ አለኸኝ ደግሞ ዳማን እየሳቡ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ጉሙ ውስጥ ገብተዋል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ጎረቤቶች ሽማግሌ ይዤ ጋሽ አለኸኝ ቤት ሄድሁ። እመቤትና ምንይችልም ተከተሉን። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ እኔም ወጉን ላለማጓደል ከመንገድ ዳር አንድ ድንጋይ መርጬ ነበር። አመራረጤ ላይ ግን ያ ዓርብ ዕለት የሠራ ጭንቅላቴ ሳይኖርበት አልቀረም።

«ምንድን ነው ትከሻኸ ላይ ያለው?» አሉ ጋሽ አለኸኝ።

«ድንጋይ ነው ጋሼ።»

«ሽንብራ መስሎኝ!»

ሽማግሌዎቹ ሣቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጋሽ አለኸኝ ግን አልሣቁም። «እኔን ዋሽተኸኛል፤ ግን ድንጋዩን ምን በደልኸው? እውነቱን ነግሮኸ አልሰማም ያልኸው ያ ሳጥን ነው። ሂድና እሱን ተሸክመኸ ና!» ብለው ፈረዱ። ይግባኝ የለውም።

እናንተ አሮጌ ዴስክቶፕ ተሸክማችሁ ታውቃላችሁ? እኔን ጠይቁኝ! የድሮ ሰው ብረት አይሰስትም። ሽቦውን ነቅዬ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ከደረጃው ወርጄ፣ ጭቃውን አቋርጬ ስሄድ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። «ወንድሜ፣ ላድርስህ?» አለኝ ሾፌሩ። «አይ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው» ስለው አየኝ፤ ሳጥኑን አየ፤ ሌላ ሳይናገር ማርሹን አስገብቶ ሄደ።

ግቢው ውስጥ ገብቼ ጋሽ አለኸኝ እግር ሥር ልንበረከክ ስል አስቆሙኝ።

«እኔን አይደለም ያማኸው። ያማኸው እዚያ ቆሟል።»

ዳማ ከበረቱ ደጅ በአንድ እግሩ ዘንበል ብሎ ድርቆሹን ያላምጣል። ሳጥኔን እንደተሸከምሁ ወደ እሱ ቀረብሁ። ጋሽ አለኸኝ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው በአዊኛ አንድ ነገር አሉት። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ እመቤት ትሰማለች።

«ምን አሉት?» አልኋት በሹክሹክታ።

«‹ታገሠው› ነው ያሉት» አለች። ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ፣ «ዳማ፣ ይቅር በለኝ» አልሁ። ፈረሱ ዞር አለ። ይቅርታዬን የተቀበለ መስሎኝ እኔም ዞር አልሁ… አንባቢዬ ሆይ፣ ይኼን ምክር ያዝ፦ ለፈረስ ጀርባህን አትስጥ! ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሣሩ ላይ ሳጥኑን አቅፌ በደረቴ ተኝቼ ራሴን ማግኘቴን ነው። ሳጥኑ አንድም ነገር አልሆነም፤ የሆነው ነገር ሁሉ በእኔ በኩል፣ ያውም በኋላ በኩል ነው የሆነው።

ጋሽ አለኸኝ ከላዬ ቆመው በእርጋታ መረመሩኝ።

«እስቲ ንገረኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሞላው ፈረስ እንዲህ ይራገጣል?»

«አይራገጥም ጋሼ!»

«በስንት ዓመቱ ነው እንዲህ የሚራገጥ?»

«በዐሥራ አራት ነው ጋሼ! በእኛው አቆጣጠር!»

«እንግዲያው ታርቀናል» አሉና እጃቸውን ሰጥተው አነሡኝ። «ቅዳሜ ፈረሶቹን ይዤልኸ እመጣለሁ። ኬላዋ ግን ከእንግዲህ አትከፈትም፤ ዋስነቴንም አውርጃለሁ።»

ሰኞ ጧት ቢሮ ገብቼ ቆሜ መሥራት ጀመርሁ፤ መቀመጥ የሚታሰብ አልነበረም። ጎተራውን ስከፍት እመቤት እርማቱን አስገብታ ጨርሳለች፤ ኬላውም አንዲት ጥፋት ሳያወጣ አሳልፎታል። ለሚገባው ለውጥ ሁሉ ምን እንደተለወጠና ትክክል መሆኑን ማን እንዳረጋገጠ ይጻፋል። እሷም ጽፋለች፦ «የዕድሜ ስሌት ወደ እኛ አቆጣጠር ተመልሷል። ያረጋገጠው፦ ዳማ።»

ምንይችል አንብቦ በሣቅ ሊሞት ደረሰ። «ማረጋገጫ እኮ ያለ ፊርማ አይሆንም! የፈረሱ ፊርማ የታለ?» አለ።

እመቤት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሣ፣ «ፊርማው እሱ ላይ ነው» ብላ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች፤ «ዞር በልና አሳየው።»